ባክቴሪያ ያጣው ወተት

ቄስ የሰውን ኃጢአት በጆሮው ይሰማል፤ እኔ በዓይኔ አያለሁ። ሥራዬ ፍሪጅ መጠገን ነው። ከአዳማ እስከ ቢሾፍቱ፣ በወዲያ በኩል ደግሞ እስከ መቂ በሰው ፍሪጅ ውስጥ አንገቴን ሳሰግግ ይኸው ፀጉሬ ከፊሉ ሸበተ፣ ከፊሉ ሸሸ። እንግዳ ሲመጣ ሳሎኑን የሚያስጠርግ ሰው ሁሉ ፍሪጁን አያስጠርግም። መብራት ለሦስት ቀን ጠፍቶ ሲመጣ የኔ ስልክ እንደ ሚኒስትር ስልክ ይጮኻል። ቢሾፍቱ አንድ ቤት ውስጥ የተረሳ ሎሚ አግኝቼ ጺሙ ከኔ ጺም ይረዝም ነበር፤ እጅ ነስቼ ሰላም ልለው ምንም አልቀረኝ። መቂ ደግሞ የአንድ ሽንኩርት ደላላ ፍሪጅ ስከፍት፣ የቲማቲም ድልህ ላይ የበቀለው ጫካ ከማስፈራቱ የተነሳ በሩን መልሼ ዘግቼ "መጀመሪያ ጅቡን አስወጡልኝ" አልኩ። ትንሽ አጋንኛለሁ። ጅብ አልነበረም፤ ቀበሮ ነው።

እንዲህ ያለ ነገር ባየሁ ቁጥር የምናገራት አንዲት ቃል ነበረችኝ። በሩን እከፍታለሁ፣ አሸታለሁ፣ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አፈገፍጋለሁ፣ ከዚያ ጉሮሮዬን ጠርጌ "ባክቴሪያ ነው" እላለሁ። አረንጓዴውም ባክቴሪያ፣ ጥቁሩም ባክቴሪያ፣ የበሩ ጎማ ላይ የተጋገረውም ባክቴሪያ። "ሻግቷል" ብል ማን ይሰማኛል? ሻጋታን ሁሉም ያውቀዋል፤ እንጀራው ላይ ያየዋል፣ ቆርሶ ይጥለዋል፣ ቀሪውን ይበላል። ባክቴሪያ ሲባል ግን እመቤቲቱ ቀጥ ትላለች፣ ልጆቹ ከቀሚሷ ኋላ ይገባሉ። ያቺ ቃል እንደ ፒንሳዬ፣ እንደ ካቻቢቴዬ የሙያ መሣሪያዬ ነበረች። አንድ ቀን ግን ከእጄ አመለጠችና ሰው እግር ላይ ወደቀች።

የወደቀችባቸው ሰው የሰፈራችን የወተት እናት ናቸው። ስማቸውን የሚጠራ የለም፤ ትልቁም ትንሹም "የወተት እናት" ነው የሚላቸው። ከአርሲ መጥተው እዚህ ሲከትሙ እኔ ገና ጎረምሳ ነበርኩ። ጓሯቸው ውስጥ ሁለት ላሞች አሏቸው፤ ቀይቱና ቡሬዋ። በቆርቆሮ አጥራቸው ማገር ላይ ሚስማር በረድፍ ተመትቷል፤ እያንዳንዱ ቤት የራሱ ሚስማር አለው። ሲመሽ ባዶ ሃይላንዳችንን በሲባጎ አስረን እንሰቅላለን፣ ሲነጋ ሞልቶ እናወርዳለን። የኛ ሚስማር ከበሩ ሦስተኛው ነው። ቤታችን የጴንጤ ቤት ስለሆነ ረቡዕ ዓርብ ሳይል እርጎ አይጠፋበትም። ባለቤቴ ማሰሮዋን በወይራ ታጥናለች፣ ወተቱን ትገለብጣለች፣ ትከድናለች፤ በአዳማ ሙቀት በማግስቱ፣ ቢዘገይ በሁለተኛው ቀን ይረጋል።

ይህ የምነግራችሁ የሆነው በመጋቢት ነው። የአዳማን መጋቢት የማያውቅ ካለ፣ ዶሮዎቻችን በዚያ ወር የሚጥሉት የተቀቀለ እንቁላል ነው ብዬ ልለፈው። በዚያ ሙቀት ወተቱ አልረጋም። ባለቤቴ መጀመሪያ ማሰሮዋን ጠረጠረች፤ አጥባ፣ እንደገና አጥና፣ አዲስ ወተት ጨመረች። አሁንም አልረጋም። ሦስተኛው ቀን ላይ እንደ ውኃ ይንቦጫረቃል። በአራተኛው ቀን ክዳኑን ስታነሳ ከሥሩ ያው ፈሳሽ ነው፣ ላዩ ላይ ግን ሐይቅ ላይ እንዳሉ ደሴቶች ነጭ ጠርዝ ያላቸው አረንጓዴ ነገሮች ተንሳፈዋል።

"አንተ ሰውዬ፣ ና እስቲ ሙያህን" አለችኝ።

አየሁ፣ አሸተትኩ፣ አንድ እርምጃ አፈገፈግሁ። "ባክቴሪያ ነው" አልኩ።

እዚያ ላይ ባቆም ኖሮ ይህን አልጽፍም ነበር። እኔ ግን ቀልድ አፌ ውስጥ ከገባ እንደ ትኩስ ድንች ነው፤ ወይ እተፋዋለሁ ወይ ያቃጥለኛል። በማግስቱ ጠዋት ባጃጆች የሚሰለፉበት፣ ሻይ የሚጠጣበት ጥግ ላይ ቆሜ የወተት እናት ወተት በባክቴሪያ እንደተወረረ አወጅኩ። ላሞቹ ከሐይቅ የጠጡትን ውኃ ነጭ ቀለም ብቻ ቀብተው እንደሚመልሱት፣ እኔ ራሴ ማሰሮዬ ውስጥ አንድ ቆሮሶ ዓሣ ሲዋኝ አይቼ ሰላም እንደተባባልን ተናገርኩ። ባጃጆቹ ሳቁ። ሻይ ሻጯም ሳቀች። እኔም ረክቼ ወደ ሥራዬ ሄድኩ።

ከሰዓት በኋላ በኢንዱስትሪ ፓርኩ በኩል ያለ አንድ ቤት ፍሪጅ ስፈታ ባለቤቱ የራሴን ቀልድ መልሶ ለኔው ነገረኝ። ቆሮሶው በመንገድ ላይ አድጎ አምባዛ ሆኗል። ቀልድ እንዲህ ሲፋፋ ሳይ ደስ ይለኛል፤ ያን ቀን ግን ሰውየው ሲጨርስ አልሳቀም። "ሴትየዋ ውኃ ይጨምሩበታል ማለት ነው" አለኝ። "ዱቄትም ይኖረዋል።"

ጉዳዩ እኮ በኛ ቤት ብቻ አልነበረም። በሰፈሩ ወተቱ አልረጋ ያላት ሴት ሁሉ እስከዚያ ቀን ድረስ ማሰሮዋን ስትወቅስ፣ ወይራ አነሰኝ ወይ በዛብኝ ስትል ነበር። እኔ "ባክቴሪያ" የምትለዋን ቃል ሰጠኋቸው። ቃሉ በሰፈሩ የስልክ ግሩፕ ዞረ። ለወተት ሻጭ ደግሞ "ውኃ ጨመረች" ከመባል የከፋ ስድብ በዚህ ከተማ የለም፤ "ሌባ ናት" ቢሏት ይሻላታል። በሦስተኛው ቀን በዚያ አጥር ሳልፍ ከሁለት በቀር ሚስማሮቹ ሁሉ ባዷቸውን ነበሩ። ከሁለቱ አንዱ የኛ ነው። ባለቤቴ እስኪጣራ ድረስ አላወርድም ብላ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት የወተት እናት ቤታችን መጡ። ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ይመጣሉ ብዬ ፈርቼ ነበር፤ ቀስ ብለው ገቡ፣ "አከም ቡልተኒ" ብለው ለሁላችንም ሰላምታ ሰጡ፣ ያዘሉትን ማሰሮ አውርደው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና ክዳኑን አነሱ። ያው አረንጓዴ ደሴቶች። ከራሳቸው ቤት ያመጡት ነው፤ ለራሳቸውም አልረጋላቸውም።

"አባ ፍሪጅ፣ ባክቴሪያ ያልከው አንተ ነህ አሉ።"

ዋሽቼ አላመልጥም። "እኔ ነኝ እማማ" አልኩ።

"እኔ ዓይኔ ደክሟል። እስቲ አሳየኝ። የቱ ነው?"

ጣቴን ቀሰርኩና ትልቁን ደሴት አሳየኋቸው። ይህኔ ከጓዳ በር ላይ ሳቅ ተሰማ። ልጄ ናት። ዩኒቨርሲቲ ላቦራቶሪ ትማራለች፤ ለእረፍት መጥታ ነው። እንደኔ ቀልደኛ አይደለችም፤ እኔ የምስቀው ሰው ለማሳቅ ነው፣ እሷ ግን የምትስቀው ሲሳሳቱ ነው።

"አባዬ፣ እሱ ሻጋታ ነው። ባክቴሪያማ በዓይን አይታይም። ሃያ ዓመት ሙሉ ባክቴሪያ ነው ስትል አንድ ቀን እንኳን አይተህ አታውቅም።"

ሃያ ዓመት የሠራሁበት ቢሮ በአንድ አረፍተ ነገር ታሸገ። የወተት እናት ግን ፊታቸው በራ። "ባክቴሪያ የለበትም ነው የምትይው? ሰማህ? የለበትም!" አሉኝ።

"አዎ እማማ" አለች ልጄ፣ "ችግሩም እሱ ነው። ባክቴሪያ ቢኖርበት ኖሮ ይረጋ ነበር።"

እኔም እሳቸውም እኩል አፋችንን ከፈትን።

ልጄ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ወተትን እርጎ የሚያደርገው ማን ይመስልሃል ስትለኝ፣ እናትሽ አልኩ። የለም፣ ባክቴሪያ ነው አለች። የአንዱ ባክቴሪያ መላ አካሉ አንድ ሕዋስ ብቻ ነው፤ ሥር የለው፣ ክር የለው። ከማነሱ የተነሳ የሰፈራችንን ሕዝብ የሚያህል ብዛት የመርፌ ጫፍ ላይ ሠርግ ቢደግስ ዳስ የሚጥልበት ቦታ ይተርፈዋል። (ሠርጉን የጨመርኩት እኔ ነኝ።) ሙቀት ሲያገኝ አንዱ ለሁለት ይከፈላል፣ ሁለቱ አራት ይሆናሉ፣ እንዲያ እንዲያ እያለ ወተቱን ይሞላዋል፤ የወተቱን ስኳር እየበላ ያኮመጥጠዋል፣ ያን ጊዜ ወተቱ ይጨብጣል፣ ይረጋል። ሻጋታ ግን ሌላ ዘር ነው። የእንጉዳይ ዘመድ ነው። እንደ ሸረሪት ድር የቀጠነ ክር እየዘረጋ ነው የሚያድገው። ላዩ ላይ የምናየው አረንጓዴ ዱቄት የሚበተነው ዘሩ ነው፤ ክሩ ከሥር ገብቷል። ስለዚህ ዳቦና እንጀራ ላይ የታየውን ቆርሰን ስንጥል፣ ያልታየውን እየበላን ነው ማለት ነው።

ይህን ስትል ባለቤቴ ወደ እንጀራው መሶብ አየች። እኔ ወደ ጣሪያው አየሁ፤ ጠዋት ቆርሼ የበላሁት ነበር።

የወተት እናት ግን ሌላ ነገር ነው የያዛቸው። "ወላሂ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ባክቴሪያ ስበላ ነው የኖርኩት?" አሉ። ከዚያ ትንሽ አሰቡና፣ "እና ደግ ነው ክፉ?"

"እንደ ባጃጅ ነጂ ነው እማማ። አንዱ ቤትዎ ያደርስዎታል፣ አንዱ ቦይ ውስጥ ይጨምርዎታል" አለች ልጄ። ይህቺን አባባል ከኔ ነው የወረሰችው ብዬ በሆዴ ኮራሁ። ታይፎይድ የሚያመጣው ባክቴሪያ ነው፣ ቲቢም ባክቴሪያ ነው፣ እርጎም የባክቴሪያ ሥራ ነው። ሻጋታውም እንደዚያው ነው፤ ሰው የሚያድን መድኃኒት የወጣው ከሻጋታ ነው፣ ለውዝና በርበሬ ላይ የሚወጣው ሻጋታ ደግሞ ቢያጥቡት ቢቀቅሉት የማይለቅ፣ ቀስ ብሎ ጉበት የሚጎዳ መርዝ ሊተው ይችላል። መልኩን አይቶ ደጉን ከክፉው መለየት አይቻልም አለች።

ከዚያ ወደ ወተት እናት ዞረችና ጠየቀቻቸው። "እማማ፣ ከላሞቹ የታመመ፣ መርፌ የተወጋ አለ እንዴ?"

  የወተት እናት ቀስ ብለው ተናገሩ። ቀይቱ ግቷ አብጦ፣ አንዱ ጡቷ እንደ ድንጋይ ጠጥሮባት ነበር። የከብት ሐኪም መጥቶ ለቀናት ወጋት። ወተቷንም እስከምነግርዎ ድረስ ድፉት ብሏቸዋል። እሳቸውም ደፉ። ያበጠውን ጡት ለብቻው እያለቡ፣ እስከ መጨረሻዋ ጠብታ መሬት ላይ ደፉ። የቀሩትን ሦስት ጡቶች ግን አልበው ከቡሬዋ ወተት ጋር ቀላቀሉት።

"ያመማት አንዱ ነው። ሦስቱ ጡት ምን በደለ?" አሉ።

እኔ በበኩሌ ልክ ናቸው አልኩ። ዳኛ ብሆን ሦስቱን ጡት በነፃ አሰናብት ነበር። ልጄ ግን ራሷን ነቀነቀች። መርፌው በደም ይዞራል፤ በአራቱም ጡት ይወጣል። ባክቴሪያ የሚገድል መድኃኒት ነው፤ ግቷን ያሳበጠውን ሲገድል እርጎ የሚሠራውንም አይምርም፣ አይለይማ። ሻጋታን ግን ያ መድኃኒት አይነካውም። እርጎ ሠሪዎቹ ሲያልቁ ወተቱ ባለቤቱ እንደሞተ እርሻ ሆነ፤ ሻጋታ መጥቶ ያለ ከልካይ ዘራበት።

እኔ ከወንበሬ ተነሳሁ። አላውቅም፣ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም። የሃያ ዓመት ሥራዬ ብልሽት ማግኘት ነው፤ ሞተር ነው፣ ጋዝ ነው፣ ሽቦ ነው። እንዲህ ያለ ብልሽት ግን፣ ከላም ጡት ተነስቶ፣ በደም ዞሮ፣ በአጥር ሚስማር አልፎ፣ የኔ ማሰሮ ውስጥ ደሴት ሆኖ የበቀለ ብልሽት! ልጄን ስሜ ላደንቃት ስዞር የወተት እናት በነጠላቸው ጫፍ አፋቸውን ይዘው አየሁ።

"መድኃኒት ነዋ ሰው ያጠጣሁት" አሉ።

ልጄ አጽናናቻቸው፤ አብዛኛውን ሰው እንዲህ በጥቂት ቀን ብዙም አይጎዳው ይሆናል፣ ግን መድኃኒቱ የማይስማማው ሰው ካለ ይጎዳዋል፤ ዛሬውኑ መቆም አለበት አለች። ይቆማል አሉ። ግን የሚያስጨንቃቸው ሌላም ነበር። "ሰዉ ይሄን ያምነኛል? ውኃ ጨመረች ነው የሚሉኝ። አላህ ያውቃል፣ አንዲት ጠብታ ጨምሬ አላውቅም። ሚስማሮቼን አይታችኋል?"

ሚስማሮቹን አይቻለሁ። ባዶ ያደረጋቸው አንዱ የሐኪሙ መርፌ ነው፤ ሌላው ምላሴ ናት። ስለዚህ "እናሳያቸዋለን" አልኩ። ምን እንደማሳይ ገና አላወቅሁም ነበር።

ልጄ አወቀችው። በዚያው ቀን ሦስት ብርጭቆ አዘጋጀን፤ አንዱ የቀይቱ ወተት ብቻ፣ ሁለተኛው የቡሬዋ ብቻ፣ ሦስተኛው ድብልቅ። ወተቶቹን ለየብቻ አፈላቻቸው፤ ጥሬ ወተት ውስጥ ክፉዎቹም ስለማይጠፉ ሁልጊዜ ማፍላት ይሻላል፣ መድኃኒቱን ግን ማፍላት አያጠፋውም አለች። ለብ ሲሉ ከሌላ ሰፈር ካመጣነው ደህና እርጎ በየብርጭቆው አንዳንድ ማንኪያ ጨመረችባቸው። ሠራተኞቹ እነዚህ ናቸው፣ መሥራታቸውን እናያለን አለችን። ቦታውን ያቀረብኩት እኔ ነኝ። ግቢዬ ውስጥ ሞተሩ የሞተ አሮጌ ፍሪጅ ቆሟል፤ ሙቀቱ አይወጣ፣ አቧራው አይገባ። ዕድሜዬን ሙሉ ፍሪጅ የማቀዘቅዝ ሰው፣ ያን ቀን ፍሪጅ ሙቀት እንዲይዝልኝ ተማጸንኩ።

መጠበቅ አልችልበትም። በየሩብ ሰዓቱ በሩን ከፍቼ ብርጭቆዎቹን አያለሁ፣ አንዳንዱን ነቅነቅ አደርጋለሁ። ልጄ አትነካካው አለችኝ። ባለቤቴ "ወተቱ ከመርጋቱ በፊት አንተ እርጋ" አለችኝ። ሥራ ልያዝ ብዬ ቆርቆሮ ስቆርጥ ጣቴን ቆረጠኝ። ያን ጊዜ ነው ትልቅ ሐሳብ የመጣልኝ፤ መድኃኒት ከሻጋታ ወጥቷል ተብሎ የለ? ጓዳ ገብቼ አረንጓዴ ካባ የለበሰ የዳቦ ቁራሽ አገኘሁና ቁስሌ ላይ ላስረው ስል ልጄ ደረሰችብኝ።

"አባዬ፣ የትኛው ሻጋታ እንደሆነ በምን አወቅክ? ሐኪም ቤት የሚሰጠው ተመርጦ፣ ተጣርቶ ነው። ይሄኛው የማን ልጅ እንደሆነ አታውቅም።"

ጠዋት ሁሉንም የምወነጅል ዐቃቤ ሕግ ነበርኩ፣ ከሰዓት በኋላ ሁሉንም ነፃ የማወጣ ጠበቃ ሆንኩ፤ ሁለቱንም ጊዜ አልተሳካልኝም። ጣቴን በሳሙና አጠበችልኝ። በዚያው ባለቤቴ የጓዳ ፍተሻ ጀመረች። ከመቂ የመጣች አንዲት የበርበሬ ዛላ ስትሰብር ውስጧ ጥቁር አቧራ ሆኖ ተገኘ፤ አብረው የነበሩትን አንድ በአንድ ሰብራ ታይ ገባች። የኔ የለውዝ ጠርሙስም ሽታው ስላላማራት ሄደ። ለለውዙ ለቅሶ ተቀመጥኩ።

በማግስቱ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ የወተት እናት ከበራችን ላይ ቆመው አገኘናቸው። አብረን ወደ ፍሪጁ ሄድን። እንደዚያ ያለ ሰልፍ መዘጋጃ ቤት እንኳን አያይም። በሩን ከፈትኩ። መጀመሪያ የቀይቱን ብርጭቆ አዘነበልኩት፤ እንደ ውኃ ወዲያ ወዲህ አለ። ድብልቁን አዘነበልኩት፤ ወፈር ብሏል፣ ግን አልያዘም፣ ይዝለገለጋል። የቡሬዋን በሁለት እጄ ያዝኩት። አዘነበልኩት፤ አልተነቃነቀም። ጨርሼ ደፋሁት፤ አፉ ወደ መሬት፣ ቂጡ ወደ ሰማይ። ጠብ የሚል የለም። ነጭ፣ ጠንካራ፣ የሚያብረቀርቅ እርጎ ብርጭቆው ውስጥ ተገልብጦ ተቀምጧል። ዘልዬ ተነሳሁና ጭንቅላቴ የፍሪጁን በር መታው። ጩኸቱ ሞጆ ድረስ ተሰምቷል።

የወተት እናት አልሳቁም። "ድገመው" አሉኝ። ደገምኩት። ሦስተኛም አስገለበጡኝ። ከዚያ ትልቅ ትንፋሽ ተነፈሱ። "የረጋ ወተት ቅቤ ይወጣዋል ሲሉ ለሰው ይመስለኝ ነበር" አሉ። ቀጥለው ብርጭቆውን በጣታቸው ጠቆሙኝ።

"በአፍህ ያወጣኸውን አሁን በአፍህ መልስ።"

ያኔውኑ ወደ ባጃጆቹ ጥግ ሄድኩ። በአንድ እጄ የቀይቱን፣ በሌላው የቡሬዋን ብርጭቆ ይዣለሁ። ልጄና ባለቤቴ ከኋላ ናቸው፤ የወተት እናት ራቅ ብለው ከግራሩ ጥላ ሥር ቆሙ። የተናገርኩትን ሁሉ እንደወረደ መናገር አልችልም፣ ብዙ ነው። ባክቴሪያ ያልኩት ሻጋታ እንደሆነ፣ ወተቱ ባክቴሪያ በዝቶበት ሳይሆን አጥቶ እንደተበላሸ፣ ውኃ የሚባል ነገር እንዳልገባበት ነገርኳቸው። የወተት እናት ውኃ ጨምረው ቢሆን ኖሮ ይህ አይቆምም ነበር አልኩና የቡሬዋን ብርጭቆ በገዛ ራሴ አናት ላይ ደፍቼ ያዝኩት። በሕይወቴ ለቀልድ ያልሆነ ነገር ስናገር ይህ የመጀመሪያዬ ስለነበር ሰዉ ለመሳቅ ፈራ።

አንድ ባጃጅ ነጂ ብቻ ጠየቀኝ። "እና ቆሮሶው ጋሼ?"

"ቆሮሶው እኔ ነኝ" አልኩት። "ሲዋኝ የነበረው የኔ ምላስ ነው።"

ይህኔ የወተት እናት ከጥላው ወጥተው መጡ። ይናገራሉ ብዬ አላሰብኩም ነበር። ስለ ቀይቱ፣ ስለ መርፌው፣ ስለ ሦስቱ ጡት ራሳቸው ተናገሩ። ሐኪሙ ድፉት ብሎኝ ግማሹን ነው የደፋሁት፤ ጥፋቱ የኔ ነው፣ ውኃ ግን አልጨመርኩም አሉ።  ሻይ ሻጯ ቀረብ ብላ የኔን አናት ታያለች፤ የኔን ሳይሆን ከላዩ ያለውን ብርጭቆ። የመጋቢት ፀሐይ ግን እርጎ ተይዞ ንግግር የሚደረግበት አይደለም። እኔም ብዙ አወራሁ። እርጎው ከብርጭቆው ግድግዳ ለቀቀ። አንድ ላይ፣ ሳይፈርስ፣ ቅርጹን እንደያዘ በራሴ ላይ አረፈ፣ ከዚያ በማጅራቴ በኩል ወደ ሸሚዜ ገባ።

ሰፈሩ በሳቅ ፈረሰ። ሻይ ሻጯ ከማጅራቴ ላይ በጣቷ ጠረግ አድርጋ ቀመሰች።

"ይሄማ ረግቷል" አለች።

በማግስቱ ጠዋት አጥሩ ላይ አራት ሃይላንድ ተሰቅሎ ነበር። በሳምንቱ ረድፉ ሞላ። የኛ ብቻ የለም። የሰቀልኩት ሃይላንድ መሬት ላይ ወድቆ አገኘሁት፤ ቀና ስል ከበሩ ሦስተኛው ሚስማር ተነቅሏል፣ ቀዳዳው ብቻ ቀርቷል። ገብቼ ስጠይቃቸው ከቀይቱ ሥር ተቀምጠው ነበር። አራቱንም ጡት ለብቻው ባልዲ እያለቡ ይደፋሉ። "ቀይቱ ስትረጋ አንተም ትረጋለህ" አሉኝ። ባለቤቴን ለምኚልኝ ብላት፣ እሷ ለካ በጓሯቸው በር በኩል የራሷን ወተት ትወስዳለች።

ቀን ቆጠርኩ። ሐኪሙ መጥቶ ይበቃል ካላቸው በኋላ እንኳን የወተት እናት አልቸኮሉም፤ አሁን የራሳቸው ፈተና አላቸው። በየቀኑ ከቀይቱ አንዲት ብርጭቆ ያረጋሉ፤ ካልያዘ ባልዲው መሬት ላይ ነው። አንድ ጠዋት ሥራ ልሄድ ስል አስጠሩኝ። የቀይቱን ብርጭቆ ሰጡኝና በነጠላቸው ሥር ፈገግታቸውን ደብቀው ጠበቁ። ምን እንደሚፈልጉ ገባኝ። ጸሎት አደረስኩ፣ ብርጭቆውን በአናቴ ላይ ገለበጥኩት። ቆመ።

"እጅህን ዘርጋ" አሉኝ። የተነቀለውን ሚስማር መዳፌ ላይ አስቀመጡት። መዶሻውን ከኔው ቦርሳ አወጣሁና የድሮው ቀዳዳ ላይ መታሁት።

አሁን ሲነጋ በዚያ አጥር የሚያልፍ ሰው እንዲህ የሚል ይሰማል። አንዷ ሃይላንዷን እያወረደች፣ "እማማ፣ የዛሬው ባክቴሪያ አለው?" ትላለች።

እሳቸውም ከጓሮ፣ "ሞልቶታል ልጄ፣ ሞልቶታል" ይሏታል።